ሁለቱ ጉልበት

ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተኩል። ስልኩ ይጮኻል፤ እጇ ግን ለማጥፋት እንቢ ይላታል። ጣቶቿ ሌሊቱን እንደተጨበጡ አድረዋል። በግራ እጇ የቀኙን ጣቶች አንድ በአንድ ትዘረጋለች፣ በቀኙ የግራውን። ከማድ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍሏ መብራት ሳታበራ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ትከፍትና ሁለት እጇን ከሥሩ ትይዛለች። ከዚያ ደረጃው አለ። መውጣቱስ ይሻላል። ስትወርድ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ የብረት መደገፊያውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ገና መሄድ እንደሚለምድ ሕፃን በጎን ትወርዳለች፤ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው እዚያው እርከን ላይ። የቤቱ ሰው ብቅ ካለ ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

ስሟን አልጠራም፤ አንዲት ሴት አይደለችምና። በባዲዓና በሌሎቹ የሪያድ ሰፈሮች የሚሠሩ እህቶች ደጋግመው ከሚያወሩት አንድ ላይ የሰፋኋት ናት። ከወሎ ናት ብዬ ላስብ፤ ከአርሲ ወይም ከጅማ ብትሆን ታሪኩ አይለወጥም።

ባዲዓ በሪያድ ምዕራባዊ ክፍል፣ በዋዲ ሐኒፋ ሸለቆ አጠገብ ያለ ሰፈር ነው። በድሮው የከተማዋ ታሪክ ስሙ የሚነሣው ከአትክልትና ከእንግዳ ማረፊያ ጋር ነው፤ ንጉሥ አብዱልአዚዝ ከሩቅ የሚመጡ እንግዶቻቸውን የሚያሳርፉበት ቤተ መንግሥት ነበራቸው። ዛሬ በአካባቢው ቤተሰብ የበዛባቸው ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ ግንብ ቤቶች ይታያሉ፤ ከፍ ባለ አጥር የተከበበ ግቢ፣ ወንድ እንግዳ የሚቀመጥበት መጅሊስ፣ ሴቶቹ የሚቀመጡበት ሌላ መጅሊስ፣ ልብስ የሚሰጣበት ጣሪያ። ከጥር 2025 (ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ የሪያድ ሜትሮ ብርቱካናማ መስመር በመዲና መንገድ በኩል ያልፋል፤ «ዘህረት አልባዲዓ» የሚባል ጣቢያም አለው። በጣቢያው ውስጥ ጉልበቱን ያመመው ሰው በአሳንሰር ይወርዳል። ቤት ውስጥ ደረጃው ብዙውን ጊዜ ደረጃ ብቻ ነው።

በሪያድ የኢትዮጵያውያን ሰፈር ሲባል ሰው ቶሎ የሚያነሣው መንፉሓን ነው፤ በኅዳር 2013 በዚያ በስደተኞች ላይ የደረሰውን ግፍና ግርግር የሰማ ሁሉ አይረሳውም። መንፉሓ ግን ሰው መንገድ ላይ የሚታይበት ሰፈር ነበር። እንደ ባዲዓ ባለ ሰፈር ያለችው ሠራተኛ አትታይም። ያለችው ከበሩ በስተ ውስጥ ነው፤ የምትሠራበትም የምትተኛበትም ያው ቤት ነው።

አማርኛ አንድ ነገር ያውቃል። የእግር መታጠፊያውንም፣ ሰው ለሥራ የሚያወጣውን ኃይልም «ጉልበት» ይላቸዋል። የጉልበት ሠራተኛ፣ ጉልበቴን ይዤ ወጣሁ፣ ጉልበቷን በላባት። ዓረብኛ ይለያቸዋል፤ ሩክባ የአካል ክፍል ነው፣ ሹጉል ሥራ ነው፣ ሠራተኛዋም ሸጋላ ናት። ቪዛው የሚያመጣው የሥራውን ጉልበት ነው። የእግሩ ጉልበት ግን አብሮ ይመጣል፤ ወር በሞላ ቁጥር 1000 ሪያል አካባቢ የሚከፈልበት ሥራ በሙሉ በእሱ ላይ ነው የሚቆመው።

እናቷ በኢሞ ስትደውል ሕመሙን ወዲያው ታውቀዋለች። «ብርድ ነው ልጄ። አብሽሪ። ካልሲ አትለይ፣ ቅቤ ተቀቢ።» እናት እዚህ ላይ ከነአካቴው አልተሳሳተችም። ሪያድ በጥር ሌሊት ከአስር ዲግሪ በታች ትወርዳለች፤ በበጋ ደግሞ ከ45 ዲግሪው ጣሪያ ላይ ልብስ አስጥቶ ወደ ኮንዲሽኑ መግባት አለ። ብርዱ ሕመሙን ያብሰው እንደሆነ እንጂ አያመጣውም። እኛ ግን ብርድን የምንወቅስ ሕዝብ ነን። ፍል ውሃ ለቁርጥማት መድኃኒት ነው የሚለው እምነታችን ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ባያሠሩ አዲስ አበባ ዛሬ ያለችበት ትኑር አትኑር ማን ያውቃል።

ቁርጥማት የምንለው አንድ በሽታ አይደለም። ብዙ ሰው የሚይዘው መገጣጠሚያው ውስጥ አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ የሚለብጠው ለስላሳ ሽፋን እየሳሳ ሲያልቅ ነው። ዓረቦቹ «ኹሹና» ይሉታል፤ መሻከር ማለት ነው፤ ከሐኪሞቹ ስም ይልቅ የሚገልጸው ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ይህ ሕመም 528 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደያዘ፣ ከእነዚህ 365 ሚሊዮን ያህሉን የያዘው በጉልበቱ ላይ እንደሆነ ይናገራል። ስድሳ በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ዕድሜና ክብደት ያመጡታል፤ ተንበርክኮና ቁጢጥ ብሎ ዓመታት መሥራትም ያመጣዋል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ሐኪሞች ወለል በጉልበታቸው ተንበርክከው ለሚያሹ ሴቶች እብጠት ስም ሲያወጡ «የገረድ ጉልበት» ነበር ያሉት። እሱ እንኳ ሌላ ሕመም ነው፤ ከጉልበት ሎሚው ፊት ያለችው ከረጢት እብጠት። ስያሜው ግን ሥራው ጉልበት ላይ እንደሚጻፍ ገና ያኔ መታወቁን ያሳያል።

ሌላው የጣቶቹ ነው። ሰውነት ራሱን ከበሽታ የሚከላከልበት ኃይል ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያውን ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ብግነት ነው። ሁለቱንም እጆች እኩል ይይዛል፤ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓትም ከዚያም በላይ ያደርቃል፤ ከዚያ ቀኑ ሲሞቅ ይለቃል። በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ያህል ሰው ያለበት ሲሆን 70 በመቶው ሴቶች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም የሚጀምረው ሰው ገና በሥራ ላይ ባለበት ዕድሜ ነው። ሦስተኛው ሪህ ነው፤ ዓረቦቹ ኑቅሩስ የሚሉት፣ የእግር አውራ ጣትን በድንገት የሚያነድደው።

ልዩነቱ ለሐኪም ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስል። የጉልበቱ መሻከር ዓመታት ይወስዳል፤ ሥራው ቢቀል ሰውየው አብሮት ይኖራል። የጣቶቹ ብግነት ግን አይጠብቅም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ካልታከመ አንጓውን ሊያጣምም ይችላል፤ የተጣመመው ተመልሶ አይቀናም። መድኃኒቱ አለ፣ ውድም አይደለም፤ ሜቶትሬክሴት ይባላል፤ የሚወሰደው በሳምንት አንዴ ነው፤ በስሕተት በየቀኑ ከተወሰደ ሊገድል ይችላል። የሚወስድ ሰው ጉበቱንና ደሙን በየጊዜው መመርመር አለበት፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። እንግዲህ ይህችን ሴት ለማዳን ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሐኪም ዘንድ የምትሄድበት ግማሽ ቀን ነው፤ ከዚያም በየጊዜው ሌላ ግማሽ ቀን።

እነዚህን ግማሽ ቀናት ማን ይሰጣታል?

ወደ ደረጃው ልመልሳችሁ። ፎቅ ላይ አሮጊቷ አሉ። ልጆቻቸው ዩማ ይሏቸዋል፤ እሷ ማማ ከቢራ ትላቸዋለች። እሳቸውም ኹሹና አለባቸው፤ ሁለቱም ጉልበታቸው። ለዚህ ሕመም ይህ ቤት ያላደረገው የለም። መጸዳጃ ቤቱ መያዣ ብረት ተበጅቶለታል። አልጋቸው ከፍ ብሏል። የሚሰግዱት ወንበር ላይ ነው፤ መስጊዶቹም ውስጥ ለእንደሳቸው ያለ ሰው ወንበር ከሰልፉ ዳር ይቀመጣል። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ ተጋድሞ መስገድ በእስልምና የታወቀ ነው፤ ሩኽሳ ይባላል፤ ፈጣሪ ለታመመ ሰውነት የሰጠው ፈቃድ። ወሎዬዋም ታውቀዋለች። እሷም ጉልበቷ በባሰባት ቀን በጠባቧ ክፍሏ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትሰግዳለች። ከዚያ ተነሥታ ሦስት ሰዓት ቆማ ትተኩሳለች።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ መቋሚያ ነው። የእኛም ቤተ ክርስቲያን ሌሊቱን ሙሉ መቆም እንደሚከብድ ታውቃለች። ማኅሌቱን አላሳጠረችም፤ ለቆሚው ግን ከብብቱ ሥር የሚደግፈው ዘንግ ሰጠችው፤ ዘንጉም ከጊዜ በኋላ የዝማሬው አካል ሆነ፤ ዛሬ ያለ መቋሚያ ወረብ አይታሰብም። የአካል ጉዳተኞች መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2006 «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» ብሎ የጻፈው ሐሳብ ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለኝም። ሥራው ይቀጥላል፤ የሚሠራበት መንገድ ለሰውየው ይስተካከላል፤ ቀጣሪውን የማያንኮታኩት እስከሆነ ድረስም መስተካከሉ ግዴታ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ስምምነቱን በ2008 ተቀብላዋለች፤ ኢትዮጵያ በ2010።

ነገሩ ወረቀት ላይ ያን ያህል ባዶ አይደለም። በ2005 የወጣው የሳዑዲ የሥራ ሕግ በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶበት የቀድሞ ሥራውን መሥራት ያልቻለን ሠራተኛ አሠሪው ሊሠራው በሚችለው ሌላ ሥራ ላይ እንዲመድበው ይጠይቃል። የታመመ ሠራተኛ በዓመት እስከ 120 ቀን የሕመም ፈቃድ አለው፤ 30ው ቀን በሙሉ ደመወዝ፣ 60ው በሦስት አራተኛ፣ የመጨረሻው 30 ያለ ደመወዝ። መዲና መንገድ ላይ ካለው ምግብ ቤት ሳህን የሚያጥበው ሰው ይህን ሕግ ይዞ ነው የሚታመመው። ከምግብ ቤቱ ጀርባ ባለው ቤት ሳህን የምታጥበው ግን ከሕጉ ውጭ ናት፤ የቤት ሠራተኞችን ሰባተኛው አንቀጽ በስም ያስወጣቸዋል።

ለእነሱ ሌላ ደንብ አለ። መጀመሪያ በ2013 ወጣ፤ የተሻሻለው ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። በቀን ከአሥር ሰዓት በላይ አትሠራም። ከአምስት ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት አትቆምም። ስምንት ተከታታይ ሰዓት ታርፋለች፤ በሳምንት አንድ ቀን አላት፤ በሐኪም ወረቀት በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለታመመ መገጣጠሚያ የአምስት ሰዓቷ ገደብ ብቻ ብትከበር ከብዙ ቅባት ትበልጣለች። የቀደመው ደንብ አሠሪው ጤናዋን የሚጎዳ ሥራ እንዳያሠራት ያዝዝ ነበር። ነገር ግን ጣሪያ ላይ እርጥብ ምንጣፍ መሸከም ለዚች ሴት ጤናን የሚጎዳ ሥራ ነው ብሎ የሚፈርደው ማን ነው? ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪ ይገባል። ቤት ግን ሐራም ነው፤ የቤቱን ደጃፍ አልፎ የሚገባ የለም። ዳኛዋ ማዳም፣ የቤቱ እመቤት፣ ናት፤ ከሳሽ ሊሆን የሚገባው ሰው ደግሞ የሚተኛው በዳኛዋ ቤት ነው።

የጤና መድኅኑም እንዲሁ ነው። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ከአራት በላይ የቤት ሠራተኛ የሚያሠራ ሰው መድኅን እንዲገባላቸው ተገዷል። አራትና ከዚያ በታች ያለውስ? በባዲዓ ያለ መካከለኛ ቤተሰብ አምስት ሠራተኛ አያስመጣም፤ አንዷን ነው የሚያስመጣው። አንዷ ደግሞ የአምስቱን ሥራ ነው የምትሠራው። ሕጉ በብዛት ቆጥሮ ብቸኛዋን ሳታት።

እዚህ ላይ ዝምታው ይጀምራል። ከአገር ስትወጣ ምርመራ አለ፤ እስካሁን «ጋምካ» ይሉታል፤ ደም ይታያል፣ ሽንት ይታያል፣ ራጁ ደረትን ያነሣል። ጉልበትን የሚያነሣ የለም። ከደረሰች በኋላ እስከ 90 ቀን የሙከራ ጊዜ አለ፤ በእነዚህ ቀናት ማዳም ካልተመቻት ወደ መክተብ፣ ወደ ሠራተኛ አስመጪው ቢሮ፣ ልትመልሳት ትችላለች። ስለዚህ በዘጠናው ቀን ውስጥ ጉልበቴን አመመኝ የምትል ሴት የለችም። ከዘጠናው ቀን በኋላ ደግሞ «እስካሁን ለምን አልተናገርሽም?» የሚል ጥያቄ አለ። ቤተሰቡ ለማስመጣት ብዙ ሺህ ሪያል ከፍሏል፤ እሷም ለደላላ የተበደረችው አላለቀም። ሁለቱም ወገን ጉልበቷ ጤነኛ እንዲሆን ብዙ ገንዘብ አስይዘውበታል። እንደዚህ ባለ ቦታ ላይ እውነት መናገር ውድ ነው።

በ2021 ሳዑዲ ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር የሚያስችል ማሻሻያ ስታደርግ የቤት ሠራተኞች ከውጭ ቀሩ። ከቤቱ ብትወጣ «ሁሩብ»፣ ማለትም ጠፍታለች ተብሎ፣ ሊመዘገብባት ይችላል፤ ከዚያ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ አይሠራም፤ ኢቃማ የሌለው ሰው ደግሞ ሐኪም ቤት ሲገባ ልቡ ይመታል። ጠፍተው በሰዓት ክፍያ የሚሠሩት እህቶች ነጻነት አገኙ ይባላል። እውነት ነው፤ የዕረፍት ቀናቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። የሕመሙ ነገር ግን ብሶ ይጠብቃቸዋል፤ ያልሠሩበት ቀን የማይከፈልበት ቀን ነው፤ በቀን ሦስት ቤት፣ ሦስት ደረጃ።

ስለዚህ ኪኒን። በሪያድ ሰፈር ፋርማሲ የሌለበት መታጠፊያ ማግኘት ይከብዳል። ፓናዶል አለ፣ ቮልታሬን አለ፣ ስሙ የማይታወቅ ከጓደኛ የተገኘ ትንሽ ነጭ ፍሬ አለ። ቮልታሬን ሕመሙን በእርግጥ ያስታግሳል፤ በየቀኑ ለወራት ሲዋጥ ግን ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፤ በተለይ በጾም ቀን፣ ውሃ ሳይጠጣ፣ ምድጃ አጠገብ። ረመዳን ላይ ይህን አስቡት። ከቀትር በኋላ ሳምቡሳ መጠቅለል ይጀመራል፤ ከፍጡር በኋላ ሳህኑ፣ ከተራዊሕ በኋላ እንግዳው፣ ከዚያ ሱሑር። ስሙ ያልታወቀው ነጭ ፍሬ ደግሞ ዴክሳሜታዞን ሊሆን ይችላል። ተአምር ይሠራል፤ በሁለተኛው ቀን ጣት ይዘረጋል። ውሎ አድሮ ግን ፊትን ያሳብጣል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐኪሙ ሊያየው የሚገባውን ብግነት ይደብቃል። እናትየዋ በኢሞ አይታ «ወፍረሻል፣ ተመችቶሻል» ትላለች።

የሚያናድደኝ የሚያስፈልገው ነገር ትንሽነት ነው። እጀታው ረጅም የሆነ መወልወያ፣ ሁለተኛ እንዳትንበረከክ። የካውያውን ጠረጴዛ ዝቅ አድርጎ ከፍ ያለ ወንበር ማስጠጋት። ትልቁን የከብሳ ድስት ውሃ ሞልቶ ከመሸከም ምድጃው ላይ እንዳለ በጆግ መሙላት። ጠዋት ለጣቶቿ አርባ ደቂቃ መስጠትና ማታ እነዚያን ደቂቃዎች መውሰድ፤ ጣቶቹ ማታ ይሠራሉ፣ ጎህ ሲቀድ አይሠሩም። የፎቁን ሥራ ሁሉ በአንድ መውጣት ጨርሶ መውረድ፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ለማቀበል በቀን ሃያ ጊዜ መመላለስ ነው ጉልበት የሚጨርሰው፣ ልጆቹ ደግሞ ብርጭቆውን ራሳቸው ሊያወርዱት ይችላሉ። ማማ ከቢራን ከአልጋ ለማንሣት ወገብ ላይ የሚታሰር ሰፊ ቀበቶ፤ ለሁለቱም ጉልበት ነው፣ ለአሮጊቷም ለሠራተኛዋም። ሁሉም አንድ ላይ ቢገዛ ሌላ ሠራተኛ ለማስመጣት ከሚከፈለው አጠገብ አይደርስም። ይህን የሒሳብ ነገር ለመክተቦቹ የሚነግራቸው ቢገኝ ጥሩ ነበር፤ ከመብት ይልቅ ሒሳብ ቶሎ ይገባቸዋል።

ቤቶቹ ሁሉ ጨካኝ ናቸው ማለቴ እንዳይመስል። የራሷን የኹሹና ቅባት የምታካፍል አሮጊት አለች። ወንበር አምጥታ «ያ ቢንቲ፣ ተቀመጪ» የምትልም አለች። ችግሩ ወንበሩ የእሷ ደግነት መሆኑ ነው፤ ስትቆጣ ወይም ልጅየው ሚስት ሲያገባና ሌላ ማዳም ስትመጣ አብሮ ይሄዳል።

አሁን ጣታችንን ወደ ሪያድ ብቻ እየቀሰርን እንዳንቆይ ስለ አገር ቤት ላንሣ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ሥራውንና የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ ይሰጣል፤ አንዱን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ሁለቱን በግማሽ፣ ሦስቱን ያለ ክፍያ። ጥሩ ነው። ቦሌም ሆነ ደሴ ቤታችን ውስጥ ቁጢጥ ብላ ልብስ የምታጥበዋ ልጅ ግን ከዚህም ውጭ ናት፤ አዋጁ የግል አገልግሎት ቅጥርን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይተዳደር ብሎ አሳልፎታል። ስንቶቻችን ነን ለእጥበቱ ከፍ ያለ ወንበርና ጠረጴዛ ያቀረብንላት? እኔ አላቀረብኩም። እናቴ ቤት የነበረችው ሠራተኛ ዓመታት ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስታጥብ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ስትነሣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ «እፍ» ትል ነበር። ድምፁ የቤቱ ድምፅ ይመስለኝ ነበር።

የሚመለሱትም አሉ። አሥር ዓመት ሠርታ፣ ወንድሞቿን አስተምራ፣ ቆርቆሮ ቤቱን ብሎኬት አድርጋ ኮምቦልቻ የምትገባ ሴት ዕድሜዋ አርባ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ጡረታ የለም። የመገጣጠሚያ ሕመም ስፔሻሊስት በአገሪቱ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ብዙዎቹም አዲስ አበባ ናቸው። ካፌ ልክፈት ብትል መቆም አለ፤ እንጀራ ጋግሬ ልሽጥ ብትል ምጣዱ አለ። ወንድሞቿ ያከብሯታል፤ ሲጠሯትም እትዬ ብለው ነው። ገና ሳትሸብት ከወንበር ሲያነሷት እጇን ይዘው ነው።

ባዲዓ ላይ ደግሞ ሐሙስ ማታ ነው። ነገ ጁምዓ ስለሆነ የወንዶቹ ነጭ ቀሚስ ሁሉ ይተኮሳል፤ አሥራ አንድ ቀሚስ፣ አንገትጌው ሳይሸበሸብ። ማማ ከቢራ ከግቢው የላስቲክ ወንበር አስመጥተውላት ነበር። ማድ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ ትተኩሳለች፤ ካውያውን የምትይዘው በሁለት እጇ ነው። ሰባተኛው ቀሚስ ላይ የበሩ ደወል ይጮኻል፤ የማዳም እህቶች ናቸው። ካውያውን ታቆማለች፣ ጠረጴዛውን ይዛ ትነሣለች፣ ወንበሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ከበሩ ኋላ ታስገባውና ገሕዋውን ልታቀርብ ቀጥ ብላ ትሄዳለች።